የኤሲው ጎጆ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ላይ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ተነሥቶ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ቆየ። እኔ የማቀዝቀዣ መጠገኛ ሱቄን በር ዘግቼ ከውስጥ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ስልኬ ጮኸ። ከፍኖተ ሰላም ስንዱ ነበረች።

«ነፋሱ ክዳኑን ወሰደው» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«የቤቱን?»

«የቤቱንማ ምን ያደርገዋል! የኤሲውን ነው እንጂ።»

ለኤሲ የሣር ክዳን ሲባል የሚሰማ ሰው ሁለታችንንም ጤነኛ አይለንም። ለማንኛውም በማግስቱ ሁለት ሸክም ሰንበሌጥ ገዝቼ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። ረዳቱ ሣሩን ሲያስር «ጋሼ፣ በሬዎቹን የት ጥለዋቸው ነው?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። መኪናው ከቡሬ ሲወጣ ገና ያልታረሰው ማሳ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። በዚያ ሽታ ሐሳቤ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ባሕር ዳር ቴክኒክ ተምሬ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ኤሲ የሚባለውን ነገር ከተማው ብዙም አያውቀውም። እኔም ብሆን በዕድሜዬ የገጠምኩት ሁለት ብቻ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ቁልፍና መፍቻ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ ራሴን እንደ መሐንዲስ ነበር የምቆጥረው።

ሦስተኛውን የገጠምኩት ስንዱ ቤት ነው። ስንዱ በልጅነቷ ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳ፣ በፈላ ዘይት ጀርባዋና ክንዶቿ እስከ ጣቶቿ ድረስ ተቃጥለው የተመለሰች ልጅ ናት። የተቃጠለ ቆዳ አያልብም። ሙቀቱ ገላዋ ውስጥ ይታፈንና ያሳክካታል፣ ያንገበግባታል፤ የሚያዝያ ፀሐይ ለእሷ ሌላ ቃጠሎ ነበር። ባሕር ዳር የሚነግድ ወንድሟ ሐኪሞች ያሉትን ሰምቶ ኤሲውን ገዛላት። አባቷ አያ ተሰማ ደግሞ እርሻቸውን ለወንድማቸው ትተው፣ ከደጋው አገራቸው ከፈረስ ቤት ወርደው፣ ፍኖተ ሰላም በኪራይ ቤት ያስታምሟታል። አያ ተሰማ በደጋ ዳሞት የታወቁ ቤት ከዳኝ ነበሩ። እሳቸው የከደኑት ቤት ክረምት አልፎ ክረምት ቢመጣ ጠብ አይልበትም ይባላል።

ከውጭ የሚሰቀለውን የኤሲውን ክፍል በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስል አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ በዚህ በኩል ባታደርጋት። የበልግ ነፋስ መምጫው በዚህ ነው።»

«አይ አባቴ፣ ይቺ ብረት ናት፤ ሣር አይዶለችም» አልኳቸው፣ በአነጋገራቸው እየቀለድኩ።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ ቤት ገቡ።

በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያ የተባለው ነፋስ በተባለው በኩል መጣ። የጎረቤቱን የኩሽና ቆርቆሮ ነቅሎ አምጥቶ ከኤሲው ጋር አላተመው። ስደርስ የውጭው ክፍል በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። የማራገቢያው ክንፍ ተሰብሯል፣ ስስ የብረት ቅጠሎቹ ተጨፍልቀው ተጣብቀዋል፣ ውስጡን ጭቃ ሞልቶታል። አያ ተሰማ «አላልኩህም?» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«በል እንግዲህ» አሉ በዝግታ። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከተነሣች ተነሣች። ካልሆነ ልጄን በዚህ እሳት ውስጥ አላስቀምጣትም፤ ይዣት አገሬ እገባለሁ።»

አገራቸው ብርድ ነው፤ ገላዋ ያርፍ ነበር። ስንዱ ግን ያቋረጠችውን ትምህርት ቀጥላ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ከመንደራቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን አቀበት ደግሞ በዚያ ጀርባዋ ቦርሳ አዝላ ልትወጣው አትችልም። መሄድ ማለት ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። እሷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ እኔን ብቻ አየችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ እወዳት ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መብራት ከከተማው ጠፍቶ ስለነበር ችኮላዬን ፈጣሪ ያዘልኝ። ማሽኑን አውርጄ ጭቃውን በንጹሕ ውኃ ቀስ ብዬ አጠብኩ፤ ከፍቼም ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን አደረቅሁት። የማራገቢያውን ክንፍ ከባሕር ዳር በሹፌር አስመጣሁ። የቀሩት እነዚያ የተጨፈለቁ ቅጠሎች ነበሩ፤ ከወረቀት ብዙም አይወፍሩም፣ ቁጥራቸውም አያልቅም። በመፍቻ ጫፍ ስሞክር ሁለቱን ቀደድኩ። ስንዱ አየችኝና ከቤት ሚዶዋን ይዛ መጣች።

«ተው፣ ያንተ እጅ ይቸኩላል» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር፣ ርጥብ ፎጣ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በፀጉር ማበጠሪያዋ አንድ በአንድ ታቀናቸው ጀመር። ጣቶቿ በጠባሳው ምክንያት በደንብ አይታጠፉም፤ ቢሆንም አንድም ቅጠል አልቀደደችም። አያ ተሰማ ከአገር የመጣ ድንች ቀቅለው በቡሬ በርበሬ ያቀርቡልናል። የበርበሬው መፋጀት፣ የዋንዛው ጥላ፣ የሚዶው ጥርስ ብረቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም አብረውኝ አሉ። ጾሙ እንዲረዝም የተመኘሁበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

በትንሣኤ ማግስት መብራት ሲመጣ የውጭውን ክፍል በዚያው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተክዬ አበራሁት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አየር ተፋ። ስንዱ ከፊቱ ቆማ ዐይኗን ጨፈነች። አያ ተሰማ መዳፋቸውን ወደ አየሩ ዘርግተው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያም «ጉዳይ አለኝ» ብለው በዚያው ዕለት ወደ ፈረስ ቤት ወጡ።

ዓርብ ዕለት ሱቅ ተደወለልኝ። ማሽኑ ቆሟል። ዳግማይ ትንሣኤ ሊገባ አንድ ቀን ነው የቀረው። እንዴት እንደ ሮጥኩ አላስታውስም። በጓሮ ስዞር ግን ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የውጭው ክፍል የለም። በቦታው አንዲት ትንሽ ጎጆ ቆማለች፤ ክዳኗ ያማረ፣ ግድግዳዋ ዙሪያውን በጭቃ የተመረገ፣ ስንጥቅ እንኳ የሌላት። እጄን በትንሿ መዝጊያ ሳስገባ ወላፈኑ ገረፈኝ። ማሽኑ የገዛ ሙቀቱን መልሶ እየጠጣ ታፍኖ ነበር የቆመው።

አያ ተሰማ ጭቃ የነካውን እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ከነፋስ ከለልኳት» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። «ምን ሆና ነው ዝም ያለች?»

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አገራቸው ናፍቋቸዋል፤ ቀኑ ሊደርስ ነው፤ ማሽኑ ከሞተ ልጅቷን ይዘው ይሄዳሉ።

«አንቱ ሆን ብለው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጅቱን ይዘው ለመግባት ማሽኑን አፍነው ገደሉት!»

በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ ነው የጮኽኩት። ጎረቤት አጥር ላይ ወጣ። አያ ተሰማ ጓሮው ውስጥ ካለ ግንድ ላይ ተቀመጡና መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ስንዱ ከቤት ወጣች። አልጮኸችም።

«ይህ ሣር ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁት።

«አገር ላለው ቤታችን የታሰበ ነው። ክዳኑ አርጅቶ አምና ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። አባቴ ዘንድሮ ሊከድንበት ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ሰንበሌጥ ነው በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው። ‹እንግዲህ እዚህ ነን፤ የአገሩ ቤት ይቆየን› ብሎኝ ነው።»

እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍት ምላሴ ታሰረ። ቀድመው የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው።

«ለመሆኑ ምን በደልኳት?» አሉኝ፣ ዐይናቸው ማሽኑ ላይ እንዳለ።

እንደ ምንም ብዬ አስረዳኋቸው። ከክፍሉ ውስጥ ሙቀት እየቀዳ እዚህ ውጭ እንደሚያፈስ፣ ፊቱም ጀርባውም ክፍት ካልሆነ መተንፈስ እንደማይችል ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። እኔ ስለ ነፋሱ ሲነግሩኝ እንዲህ አላዳመጥኳቸውም።

«እንዲህ በለኝ እንጂ! ጎተራ ሠራሁላት፤ እሷ ለካ የምትፈልግ ዳስ ኑሯል።»

ተነሥተው መዶሻዬን ተቀበሉኝና፣ ሁለት ቀን የደከሙበትን ግድግዳ ራሳቸው አፈረሱት። አራቱን ቋሚ ብቻ አስቀሩ። ክዳኑን ከማሽኑ ራቅ አድርገው ከፍ አደረጉት፤ በምዕራብ በኩል ግን ነፋሱ ከሥር ገብቶ እንዳያነሣው ጠርዙን ዘንበል አደረጉት። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ።

«ና፣ ልጡን ያዝልኝ» አሉኝ።

ያዝኩላቸው። አስተሳሰሩን አሳዩኝ፤ ሁለቴ ዞሮ፣ በሥር ሾልኮ፣ ሲስቡት ራሱን የሚያጠብቅ ቋጠሮ ነው። ስሳሳት አስፈቱኝ፤ ደግሜ ስሳሳት ደግመው አስፈቱኝ። ማሽኑ በርዶ እንደገና ሲነሣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ስንዱ በመስኮት ብቅ ብላ «መጣ!» አለችን።

አልሄዱም። ያን ክረምት ፈረስ ቤት ያለው የአያ ተሰማ ቤት ሲያፈስ ከረመ፤ ስንዱ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መምህርት ሆነች። እኔ የልቤን ለመናገር ስዘጋጅ፣ ስዘጋጅ፣ አብሯት የሚያስተምር ሰው አገባት። በሠርጓ ዕለት ዳስ ከጣሉት አንዱ ነበርኩ፤ ቋጠሮዬም አልተፈታም። አያ ተሰማ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ስንዱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል። ያኔ የተከራዩትን ቤት ኋላ ገዝታዋለች። ኤሲው አሁን ሦስተኛው ነው፤ አራቱ ቋሚዎች ግን ያኔ የቆሙበት ቦታ ላይ ናቸው። ልጇ ሣሩን ሲያወርድልኝ «ጋሼ፣ በቆርቆሮ አድርገነው ብንገላገልስ?» አለኝ። እናቱ በዐይኗ ዝም አሰኘችው።

መሰላል ላይ ወጥቼ ማሰር ጀመርኩ። እሷ ከሥር ልጡን እያቀበለችኝ ትንሽ አየችና ሳቀች።

«አባቴ ቢኖር ይህን ያስፈታህ ነበር።»

አየሁት። እውነቷን ነው፤ በሥር ማሾለኩን ረስቼዋለሁ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

ለአያ ተሰማ በአፌ ይቅርታ ብዬ አላውቅም። ኋላ ብዙ ጊዜ አብረን ተቀመጥን፣ ብዙ ጊዜ አብረን በላን፤ ቃሉ ግን እዚያው ጓሮ ውስጥ እንደ ታሰረ ቀረ። ክዳኑ በረገበ ቁጥር ከቡሬ ሣር ተሸክሜ የምመጣው ለዚያ ነው። ስንዱም ታውቃለች መሰለኝ፤ በከተማው ከዳኝ ሞልቶ፣ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ጠርታ አታውቅም።