የታዴ ፊርማ ያረፈባት ቴምብር

የረጠበ አሮጌ ወረቀት ሲሸተኝ እሪ በከንቱ ሰፈር የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። ዘመኑ ደርግ ነበር። አባቴ ቴምብር ይሰበስባል፤ ከአትክልት ተራ ቃሪያ ተጠቅልሎበት የመጣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት እንኳ አይጥልም፤ ቴምብር ካለበት ሳህን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያላቅቀዋል።

አንድ እሑድ አንዲቱን ከነወረቀቷ አሳየኝ።

"አየሽ ልጄ፣ የፖስታ ብትሆን ክብ ማኅተም ይኖርባት ነበር። ይቺ የቀረጥ ናት፤ ውል ላይ ለጥፈው ይፈርሙባታል" አለኝ። ሊነክራት ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

"የታዴ ፊርማ ነው" አለች።

ታዴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የቢሮ ጸሐፊ ነበር። አንድ ማለዳ ከቤት ወሰዱት፤ በኋላ መገደሉን ሰማን። ሬሳውን አልሰጡንም፤ ማልቀስም ተከልክሎ ነበር።

አባቴ ቴምብሯን እናቴ መዳፍ ላይ አኖረላት። ከዚያ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና "በይ አሁን አልቅሺ" አላት። ሰው እንዴት አልቅሺ ይባላል ብዬ ገረመኝ።

ዛሬ የአባቴ አልበም እኔ ዘንድ ነው። ያቺ ቴምብር ግን የለችበትም። እናቴ ስትገነዝ ደረቷ ላይ አኖርንላት። ታዴም መቃብር ያገኘው ያን ቀን ነው።