ሮማና ሲደመር አንድ

ሮማና በአንድ የበረዶ ተራራ ሥር ሃያ ስምንት ክረምት ወንበር ጠርጋለች። ሥራዋ በወረቀት ላይ «የታችኛው ጣቢያ ተቆጣጣሪ» ይባላል። በተግባር ግን በአንድ እጇ አጭር መጥረጊያ ይዛ፣ ሌላውን እጇን ከማቆሚያው አዝራር ሳታርቅ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ዞሮ የሚመጣውን ባለሁለት መቀመጫ ወንበር በረዶውን ማራገፍና የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ያጠለቀውን ሰው አስቀምጣ ወደ ላይ መሸኘት ነው። ሰው ሲቀመጥ ደግሞ አንድ ነገር ጣል ሳታደርግ አታሳልፍም። ከከተማ፣ ከሉብሊያና የመጡትን ወጣቶች «ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ከወደቀ በረዶው ሲቀልጥ ነው የምታገኙት» ትላቸዋለች። አዲስ ተጋቢዎችን ደግሞ «ላይ ስትደርሱ ተላቀቁ፤ ተቃቅፋችሁ ከወደቃችሁ ለቃሚ የለኝም» ትላለች።

ወንበሮቹን የሚያመላልሰው ሊፍት አርጅቷል፤ መቆሙ ብርቅ አይደለም። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ በሸለቆው ውስጥ አልነበረም። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ስልክ ይደውላል። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ይሳደባል፤ መጀመሪያ ድርጅቱን፣ ቀጥሎ መንግሥትን፣ በመጨረሻ «እዚህ እንሂድ» ብላ ያመጣችውን ሚስቱን። ግማሽ ሰዓት ላይ አንዱ ጀግና ተነስቶ «ልዝለል» ይላል።

«የሚጮኸው ደህና ነው» ትላለች ሮማና። «ጉልበት አለው ማለት ነው። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።»

ዝም ማለት ከተነሳ ደግሞ ጋሼ ኡርባንን የሚያክል አልነበረም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሊፍቱ ሲሠራ ምሰሶዎቹ የተተከሉት በእሳቸው የግጦሽ መሬት ላይ ስለሆነ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ ያለ ካርድ እንዲሳፈሩ ቃል ተገብቶላቸዋል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ አንድ ጊዜ በስኪ ይወርዳሉ፤ በቃ። ሲመጡ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ በትንሿ የጎን በር ያስገባቸዋል። እሳቸውም ከጓዳቸው ያመጡትን አንድ ፖም ሮማና እጅ ላይ ያኖራሉ፣ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፣ በስኪ ዱላቸው የወንበሩን ብረት ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። «ልሂድ» ማለታቸው ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ወንበሩ ላይ ሆነው አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ሮማና ፖሙን ምሳ ሰዓት ላይ ትበላዋለች፤ ለነገ ያሳደረችበት ቀን የለም።

ባለፈው ታኅሣሥ ሮማና አንድ ስህተት ሠራች። ማታ ልትዘጋ ስትል «አንድ ተማሪ ላይ ቀርቷል» ብላ ድርቅ አለች፤ ሁለት ሰዎች በውሽንፍር ሊፈልጉት ወጡ። ተማሪው ለካ በሌላ መንገድ ወርዶ ካፌው ውስጥ ትኩስ ኬኩን ይገምጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ሮማና ሲደመር አንድ» ሆነ። ሥጋ ቤት ስትገባ ሳይቀር «ስንት ልመዝንልሽ? ግማሽ ኪሎ ሲደመር አንድ?» ይሏታል። እየሳቀች ብታልፈውም ከውስጥ ይቆጠቁጣት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቦሽትያን ደግሞ ካርድ እያነበበ የሚቆጥር አዲስ በር አስተከለና አስጠነቀቃት።

«ከእንግዲህ የሚቆጥረው በሩ ነው። አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ። አንድ ጊዜ ደግሞ በባዶ ሜዳ ሰው ካስወጣሽብኝ የመኪና ማቆሚያው የጥበቃ ሥራ ይጠብቅሻል።»

የትምህርት ቤት ዕረፍት በሆነበት በአንድ የየካቲት ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከላይኛው ጣቢያ ብረት ሲሰበር ተሰማ፤ ገመዱ ተርገፍግፎ ቆመ። ማርሹ ነበር የተሰበረው፤ ተጠባባቂው ሞተር ቢነሳም ሊያዞረው አልቻለም። ከተራራው ወገብ በላይ ጉም ተኝቷል። ቦሽትያን የተራራ አዳኞችን ጠራ። ሮማና መጥረጊያዋን እንደያዘች በገመዱ ሥር ሽቅብ መራመድ ጀመረች፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም።

«ስሙኝ!» አለች። «ሊፍቱ ታሟል፤ እናንተ ግን ደህና ናችሁ! ከፊታችሁ ያለውን መከለያ ብረት እንዳትነኩ! ስኪያችሁን እንዳታወልቁ! በገመድ እናወርዳችኋለን። ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከጎናችሁ ያለውን አናግሩ፤ የተኳረፋችሁም ዛሬ ታረቁ!»

«እትዬ ሮማና፣ ሽንቴ መጣ!» ብሎ ጮኸ አንዱ የመንደር ልጅ።

«ከሥርህ እኔ አለሁ፤ ቻለው!»

ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ተማሪዎች በሦስት ድምፅ ተከፋፍለው ይዘፍናሉ። ከነሱ በላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከቦርሳቸው በዋልነት ለውዝ የተሞላ ጥቅልል ዳቦ አውጥተው እየቆረሱ ለፊተኛው ወንበር ይወረውራሉ፤ ከአራቱ ቁራሽ ሦስቱ በረዶ ላይ ነው የወደቀው። አንድ ባልና ሚስት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ደግሞ ጠቡ ደርቷል።

«ባሕር እንሂድ ብዬህ ነበር!»

«በየካቲት? ባሕር?»

«ባሕር ላይ ቢያንስ ሰው አይሰቀልም!»

አምስተኛው ምሰሶ ጋ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ መከለያውን ብረት ወደ ላይ ገፍቶ፣ በወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ አገኘችው።

«እዘላለሁ!» አላት። «ስድስት ሜትር አይሞላም፤ በረዶው ለስላሳ ነው!»

«ዝለል» አለች ሮማና ቆም ብላ። «መጀመሪያ ግን የጫማህን ቁጥር ንገረኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ከእንግዲህ አያስፈልግህም፤ ለወንድሜ ልጅ ይሆነዋል።»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። ሰውየው ፊቱ ቀላ። ሮማና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝ ልጄ። አንተ ስትዘል ወንበሩ ይፈናጠራል፤ ገመዱ በሙሉ ይዘላል። ከኋላህ ዳቦ የያዙትን ሴትዮ ታያቸዋለህ? እሳቸውን ነው የምትጥላቸው። ብረቱን መልስ።»

ሰውየው ዞር ብሎ ሴትዮዋን አየ። ሴትዮዋ ቁራሽ ዳቦ አነሱለት። ብረቱን መለሰ።

አዳኞቹ በሁለት ቡድን መጡ፤ አንዱ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ ከላይ ወደ ታች። ሰው በማዘያ እየታሰረ በገመድ ይወርድ ጀመር። ሮማና የወረደውን ሁሉ እየተቀበለች፣ ብርድ ልብስ እያለበሰች፣ ሩም የሚባለው አረቄ ጠብ የተደረገበት ሻይ እያስያዘች ወደ ጣቢያው ስትሸኝ ሁለት ሰዓት አለፈ። ቢጫ ጃኬቱ ሲወርድ አቅፎ ጉንጯን ሳማትና «አርባ ሦስት ነው» አላት፤ የጫማውን ቁጥር ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ የአዳኞቹ አለቃ ክሌመን ሬዲዮኑን ከአፉ አነሳ። «ከታች ሃያ ስድስት፣ ከላይ አሥራ አምስት። አርባ አንድ።»

ቦሽትያን ሊፍቱ ሲቆም አየር ላይ የነበሩትን የሚያሳየውን የበሩን መቁጠሪያ አየ። «አርባ አንድ! አንድም አልጎደለም። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰብስቡ።»

ሰው አጨበጨበ። ሮማና ግን አላጨበጨበችም። የወረዱትን ፊቶች አንድ በአንድ በልቧ አለፈቻቸው፤ ጋሼ ኡርባን ከታች እንዳልወረዱ ታውቃለች፤ በላይኛው ቡድን ወርደዋል ብላ ነበር የተረጋጋችው።

«ክሌመን፣ ከላይ ከወረዱት ውስጥ ጋሼ ኡርባን አሉ ወይ?»

ክሌመን በሬዲዮ ጠየቀ። «የሉም። ሽማግሌ አላወረዱም።»

«እንግዲያው አርባ ሁለት ናቸው። አንድ ሰው ላይ አለ።»

በጣቢያው በረንዳ ላይ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ሲደመር አንድ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ቦሽትያን ዓይኑን ጨፈነ።

«ሮማና፣ ባክሽ ዛሬ እንኳ ተይኝ። ማሽኑ አይዋሽም።»

«ማሽኑ አይዋሽም፤ ግን ጋሼ ኡርባንን አያውቃቸውም! ካርድ የላቸውም። በጎን በር ነው የምናስገባቸው፤ አንተም እኔም!»

«ጉሙን አይተው ቀርተው ይሆናላ። ቤታቸው ደውያለሁ…»

«አነሱ?»

«መች አንስተው ያውቃሉ?»

እዚህ ላይ ሮማና ተጠራጠረች። ዛሬ አይታቸዋለች? ወይስ ትናንትን ነው የምታስታውሰው? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጠዋት ነው፤ ያ ባርኔጣ፣ ያ ዝምታ፣ መታ መታ። የታኅሣሡ ቀን ትዝ አላት። ደግማ ብትሳሳት የመኪና ማቆሚያው አለ፤ የሥጋ ቤቱ ሳቅ አለ። በድንጋጤ እጇን ኪሷ ከተተች።

ፖሙ እዚያው ነበር። ምሳ አልበላችም፤ ፖሙም አልተበላም። የትናንቱን ትናንት በልታ ትራፊውን ለውሻ ጥላለች።

አውጥታ ቦሽትያን አፍንጫ ሥር ያዘችው። «ይኸው ካርዳቸው!»

ቦሽትያን ፖሙን አየ። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያንን ፖም ያውቀዋል። ክሌመን ገመዱን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«የታችኛው ቡድን እስከ ስምንተኛው ምሰሶ ነው የሠራው» አለ ፊቱ እየተለዋወጠ። «የላይኛው እስከ ዘጠነኛው። መካከል ያለው ገደሉ ነው። እኛ እነሱ አይተውታል ብለን፣ እነሱ እኛ…»

«ቁጥሩ ስለሞላ ማንም አልጠየቀም» አለች ሮማና። «ሞተርህን አስነሳ።»

በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተር ክሌመን ጀርባ ተፈናጥጣ ስምንተኛው ምሰሶ ጋ ደረሰች። ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል፤ ገመዱ ከራሳቸው በላይ አሥር እርምጃ ሄዶ ይጠፋል። ክሌመን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ምንም።

«ቢኖሩ አይጮኹም ነበር?»

«እሳቸው? በሬያቸው የጠፋ ጊዜ እንኳ አልጮኹም።»

ሮማና መጥረጊያዋን ገልብጣ በእንጨቱ በኩል የምሰሶውን ብረት ሁለት ጊዜ መታችው። ጠበቁ። ደግማ ሁለት ጊዜ መታች።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አለ።

«ሲደመር አንድ» አለ ክሌመን፤ አልሳቀም። ምሰሶውን መውጣት ጀምሮ ነበር።

ጋሼ ኡርባን ሲወርዱ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ዱላቸውን የያዘው ጓንት ውስጥ ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለዋል። ክሌመን «ግማሽ ሰዓት ብንዘገይ…» አለና ተወው። ሮማና ኮቷን አውልቃ ደረበችላቸው፤ እያለቀሰች ትቆጣቸው ጀመር።

«ሰው ሲወርድ እየሰሙ! ምናለ አንዴ እንኳ ቢጣሩ!»

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር» አሉ ጋሼ ኡርባን።

ሻይ ስላልነበራት ፖሙን ከኪሷ አወጣች። «ይብሉ፤ ጉልበት ይሁንዎት።»

«ያንቺ ነው። ከፍያለሁ።»

«ላይ መቼ ደረሱና!»

ጋሼ ኡርባን ገመዱን ሽቅብ አዩት፤ ከዚያ ቁልቁል አዩት። በኪሳቸው ያለውን ሴንጢ እንድታወጣ በአገጫቸው ጠቆሟት። ፖሙን ለሁለት እንድትቆርጠው አደረጉና ግማሹን ብቻ ተቀበሉ፤ ግማሽ መንገድ ሄደው ነበርና።

ሊፍቱ ተጠግኖ ዳግመኛ የተነሳው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ቦሽትያን ራሱ የጎን በሩን ከፈተላቸው። ጋሼ ኡርባን ፖሙን ሮማና እጅ ላይ አኖሩ፣ በረዶው የተራገፈለት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ብረቱን መታ መታ አደረጉ። ወንበሩ ተነስቶ ሁለት ክንድ ያህል እንደሄደ አንገታቸውን ዞር አደረጉ።

«ቆጠርሽኝ?»

ሮማና መጥረጊያዋን ከፍ አደረገች። ተራ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማት ጮኸች።

«ሲደመር አንድ!»