ባዶ የሚወጣው ምሳ ዕቃ

ፖሊሶች የያዙኝ አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤታችን በር ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት ነገር ጠይቀውኝ ወደ አንድ ጣቢያ ወሰዱኝ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የሽንት ባልዲ፣ የእግር ላብ፣ የከረመ ወጥ። ከባልዲው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። እሳቸውም በፖለቲካ ነው የታሰሩት። ከዚያ በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ዝሏል።

"ፋዘር ኩራተኛ ነው" አለኝ የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው። "ከእኛ ጋር አይበላም፣ አያወራም።"

ልጃቸው የላከችው ስንቅ ገባ። ካቦው ምሳ ዕቃውን ከፈተና "ይበላሉ ፋዘር?" አላቸው።

"ብሉት" አሉ ሳይዞሩ።

እጆች ተሽቀዳደሙበት። ካቦው ጣቶቹን ላሰ፤ የዕቃውን ውስጥ በቁራሽ እንጀራ ወለወለ።

"ባዶውን ስታይ ደስ ይላታል" ብሎ ሳቀ።

እዚያ ባዶ ዕቃ ከወጣ፣ ውጭ ያለው ቤተሰብ ሰውዬው በልቷል፣ ደህና ነው ይላል።

በማግስቱ ስንቅ ከመግባቱ በፊት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ለምንድን ነው የማይበሉት?"

"እኔንጃ ልጄ። ማንንም አልተቀየምኩም። ስትሮኩ ከመታኝ ወዲህ ምግቡም ሰውም ካርቶን ካርቶን ይለኛል።"

"ልጅዎ እንደማይበሉ ታውቃለች?"

"እሷ የምታየው ባዶ ዕቃ ነው።"

ስንቁ ሲገባ ተቀብዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት።

"አምጣ እንጂ፣ ፍሬሽ" አለ ካቦው፤ አዲስ ገቢን እንዲያ ነው የሚሉት።

"የእሳቸው ነው። ካልበሉት እንዳለ ይመለሳል።"

"ልጅቷን ልታስጨንቃት?"

"አዎ" አልኩ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ክዳኑን ተጫኑት፤ አንዱ ጎን አልገጥም ሲላቸው እንደገና ተጫኑት።

"እንዳለ ይመለስ" አሉ።

ዕቃው ሳይነካ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማን፤ "አባዬን ሳላይ አልሄድም" ትላለች። ከሰዓት ወደ ሕክምና ወሰዷቸው። ከተፈታሁ በኋላ ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ሐኪሙ ስትሮክ ራሱ ድብርት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ይህም እንደሚታከም ነግሯታል። ኩራት አልነበረም። አሁን በግራ እጃቸው በማንኪያ ይበላሉ።

እኔ ወደ ካምፓስ ተመልሻለሁ። የእስር ክፍሉ ሽታ ከልብሴ ከለቀቀ ቆየ። ግን ካፌ ውስጥ አንድ ሰው ሳህኑን በቁራሽ እንጀራ ሲወለውል ካየሁ፣ ዛሬም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።