የፕላሶቹ ሱቅ

ወንድሜ በርነር፣ ዲቪዲ መገልበጫ፣ ልግዛ ብሎ የተነሳው፣ ሰው ሁሉ መንገድ ሳይዘጋ ዘይትና ዱቄት ለመያዝ በሚሯሯጥበት ሰሞን ነው። ቡራዩ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እያነሳን ነበር የምንኖረው። እሱ ካሜራ ይዞ ይሮጣል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ያለቀውን ሥራ ዲቪዲ ላይ የምናስገለብጠው ግን አዲስ አበባ፣ አንድ ወዳጃችን ሱቅ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን በመቃወም የተጀመረው ሰልፍ መንገዱን ዛሬ ሲዘጋው ነገ ሲከፍተው፣ ሚኒባሶቹም ድንጋይ ፈርተው ሲቆሙ፣ ፍላሻችን ኪሳችን ውስጥ ቀረ። ሙሽሮች ደግሞ ሰልፍ አያውቁም። "ሲዲያችንስ?" እያሉ በየቀኑ ይመላለሳሉ።

"የራሳችን በርነር ያስፈልገናል" አለ ወንድሜ።

"የሚያስፈልገን ሰላም ነው" አልኩት። እንዲህ ነኝ፤ ስፈራ ነገረኛ እሆናለሁ።

እሱ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ለሳምንታት የቤታችን ወሬ ሁሉ ፕላስና ማይነስ ሆነ። ያኔ ባዶው ዲቪዲ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ላይ የመደመር፣ አንዱ ላይ የመቀነስ ምልክት አለበት። ለዓይን አንድ ናቸው። አሮጌ በርነር ግን በአንደኛው ላይ ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ዴክ የምንለው ማጫወቻም አንዱን አንብቦ ሌላውን የሚተፋ ሞልቷል። በከተማችን ያሉ ቪዲዮ ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙት ማይነስ ነበር። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ወንድሜ አዲስ አበባ ደርሶ አሮጌ በርነር ታቅፎ መጣ፤ ፕላስ ብቻ የሚጽፍ።

"ፕላስ ይሻላል፣ ጥራቱ ሌላ ነው" አለኝ፣ ሻጩ የነገረውን ሳያጎድል።

"ከሰው ሁሉ ተለይተህ ምን ልትሆን ነው?" ብዬ ተቆጣሁ። በዚያ ሰሞን መለየት ደስ አይለኝም ነበር።

የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የመጣብን ግን የደንበኛ ሮሮ ነው። ሲዲ የወሰደ ሁሉ "አላነብም አለ" እያለ ይመልሳል። ኋላ ሰዎቹ ራሳቸው ዘዴ አመጡ። ዴካቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሱቃችን ድረስ ያመጡና እዚያው አስሞክረው ይረከባሉ። "ፕላሶቹ ጋ ሂዱ" እየተባለ ስማችን ወጣ። እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኦቦ ዴካቸውን ታቅፈው መጡ። ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው፣ ከዚያ ሌላ ጠርቼያቸው አላውቅም። ልጃቸው በአምቦ መንገድ ላይ ሰልፉ ሲበተን በጥይት ተመትቶ ከሞተ አርባው እንኳ አልወጣም ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ዴኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ልጄ ሚዜ የሆነበትን ሠርግ ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ አሉኝ። ፎቶውስ አለኝ። ሲንቀሳቀስ ግን የለኝም።"

ነበረን። ሠርጉን ሁሉ አገላብጬ ልጁ ያለበትን ብቻ ለቀምኩ። ክራባቱን ሲያስተካክል፣ ሲበላ፣ ሲጨፍር። ጭፈራው መሀል ካሜራውን አየና እየሳቀ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ ያን ጊዜ ሰልፈኛ ሁሉ የሚያሳየው ምልክት ነው። ሌሎቹ ሚዜዎችም ተከተሉት። እዚያ ላይ ቆምኩና ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። ኦቦ አጠገቤ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ይስቁ ነበር። "ተዪው፣ አትቁረጪው" አለኝ ወንድሜ። ዴካቸውም ፕላሱን ሳያመነታ ተቀበለው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ከፋ። ሰበታ አንድ ቪዲዮ አንሺ ከሱቁ ተወሰደ፣ የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም የሚል ወሬ መጣ። ብዙ ሳይቆይ ሱሉልታ የሚመላለስ ሾፌር ደንበኛችን ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። ኬላ ላይ ከተሳፋሪ ሻንጣ የለቅሶና የተኩስ ቪዲዮ ያለበት ሲዲ ተገኝቷል አለ።

"ብራዘር፣ የት ነው የተገለበጠው እያሉ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ የናንተ ዓይነት ነው። ፕላስ።"

የኛ አልነበረም። ግን ማን ይሰማናል? ፕላስ ከተባለ ከተማው በሙሉ የሚጠቁመው ወደኛ ነው። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። በርነሩን ነቅሎ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረው። ባዶዎቹን ሲዲዎች ሰባበርን። ያን ሠርግ ከኮምፒውተሩ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

"አንድ ቀረ" አለ ወንድሜ። "የሟች ቤት ይፈትሻሉ። ኦቦ ጋ ያለውን ካገኙ፣ እጁን ያጣመረበትንም ካዩ አለቀልኝ። ሄደሽ አምጪልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ። ብቻ አምጪልኝ፣ በናትሽ።"

ለምኖኝ አያውቅም። ሄድኩ።

ኦቦና ባለቤታቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጁ ይጨፍራል። ድምፁን አጥፍተውታል፤ መንገደኛ እንዳይሰማ ነው አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "ኦቦ፣ ወንድሜን ሊወስዱብኝ ነው" አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ስለ ሲዲው አንድም ቃል አልወጣኝም።

እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። ልጁ እጁን እስኪያጣምር ጠበቁ። ከዚያ ተነስተው ሲዲውን አወጡ።

"ምነው? ገና አልጨረሰም እኮ" አሉ ሚስታቸው።

ኦቦ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኦቦ ሲዲውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።

"ውሰጂ። ያንቺው በሕይወት አለ" አሉ።

ወንድሜ ጓሮ ውስጥ አቃጠለው። ከዚያ መጠበቅ ጀመርን። መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር እሱ ሊወስዱኝ ነው ብሎ ልብሱን ለብሶ እየተቀመጠ ጠበቅን። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፣ ተኩሱ ግን አልቀረም። ክረምት ገባ፣ ወጣ። ወደ ሱቃችን ማንም አልመጣም። ስለ ፕላስ የጠየቀን አንድ ፍጡር የለም።

ከመስቀል በኋላ ኦቦን ታክሲ ተራው ጋ አገኘኋቸው።

"ወንድምሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ ኦቦ።"

"ተመስገን።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እዚያ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ትንሽ እንኳ አልቀረም?"

"አልቀረም" አልኳቸው።

"ግድ የለም። እናቱ ናት የምትጠይቀኝ" አሉና ወደ ታክሲው ሰልፍ ገቡ።