ባሕር ላይ የቀሩት ሁለት ቀኖች

ዘርፈሽዋል የአንኮበር ሰው ናት፤ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና ለሚሠሩ የብርድ ልብስ ሸማኔዎች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የፈጠነ ሴት። ጣጣዋም የመጣው ከዚሁ ከአፏ ነው። አንዲት ልጇ ይርጋለም አራት ዓመት ሞልቷት እግሯ አልጸና ቢላት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተደፍታ፣ «ልጄ በእግሯ ትሂድልኝ እንጂ፣ እኔም በእግሬ ሄጄ ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። «እሳለማለሁ» ብቻ ብትል ምን ነበረበት! «በእግሬ» አለች። ከአነጋገር ይፈረዳል።

ልጅቷ በዓመቱ ተነሥታ በእግሯ ሄደች። እናትም እንዝርቷንና ስንቋን ይዛ ወደ ሰሜን ተነሣች። እኅቷ እናናየሁ ይርጋለምን አዝላ እስከ ደብረ ብርሃን ሸኘቻት።

«በየት ነው የምትመጪው?» አለች ልጅቷ።

«በሄድሁበት እመጣለሁ፤ እዚሁ ጠብቂኝ» አለች ያቺው አፍ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ምጽዋ ለመድረስ አምስት ወር ፈጀባት። የቸኮሉት ተሳላሚዎች ጥለዋት አለፉ። እሷ እየፈተለች ትሄዳለች፤ በደረሰችበት ሁሉ የሴቱን እንዝርት ሳታይ አታልፍም። ሰላምታው ከቀዬ ቀዬ ሲለወጥ፣ ጠላው እየቀጠነ ሲሄድ፣ የውሃው ጣዕም ሲለይ አንዱም አላመለጣት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ አላት። ስለት ልትከፍል ወጥታ ደስ መሰኘቷ አሳፈራት፤ ግን ደስ አላት።

ምጽዋ ላይ ባሕሩ መጣ። «በእግሬ» ያለች ሴት መርከብ ላይ ምን ታድርግ? ተሳፈረችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለስ ጀመር። ባሕረኞቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ግን ገመዳቸውን ከመንገዷ ያነሡላት ነበር። ስዌዝ ወርዳ በአሸዋው ከግመለኞች ጋር ተጓዘች። ጋዛ አጠገብ ደጇ ላይ የምትፈትል አንዲት ዐረብ አግኝታ፣ ቋንቋ ሳይግባቡ እንዝርት ተለዋውጠው አብረው ሲፈትሉ ዋሉ። ኢየሩሳሌምም ደረሰች፤ ተሳለመች፤ አለቀሰች።

መከራው ስትመለስ ሆነ። ያገኘችው መርከብ ምጽዋ ሳይሆን፣ ከአንኮበር በስተምሥራቅ ካለው በረሃ ማዶ፣ ታጁራ የሚያወርድ ነበር። በዚያ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርራ ዋለች፣ አደረች። ሁለት ቀን አልተራመደችም! በረሃውን ከነጋዴዎች ጋር ስታቋርጥ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። «የልጄን እግር የያዝሁት በእግሬ ነው፤ እኔ ከተኛሁ እሷም ተኝታ ይሆናል» እያለች ትብሰለሰል ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ማለዳ፣ የምሥራቁን ዳገት ወጥታ አንኮበር ስትደርስ ቤቷ ተዘግቷል። የንስሐ አባቷ አባ ገብረአብ በዚያ ሲያልፉ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ልጄስ? እግሯስ?»

«እግሯማ መች ያርፋል! ‹እናቴ በሄድሁበት እመጣለሁ ብላኛለች› እያለች፣ ገበያ በመጣ ቁጥር ከአክስቷ ጋር ደብረ ብርሃን ናት። ዛሬም እዚያው ናት።»

ዘርፈሽዋል እያነባች የባሕሩን ነገር ተናዘዘች።

«እግዜር የልብሽን ያያል» አሉ አባ። «አሁን ደክመሻል፤ በቅሎዬን ውሰጂ።»

ልትቀበል እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ደብረ ብርሃን አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መመለሻ። «የለም አባቴ፤ ሁለት ቀን አለብኝ» ብላ፣ ቤቷን ሳትከፍት በማለዳው መንገዱን ያዘች።

አመሻሹ ላይ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ በሰሜኑ መንገድ ዳር፣ አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች መንገዱን ታያለች። ዘርፈሽዋል ከበስተኋላዋ ስሟን ጠራች። ልጅቷ ብድግ አለች፤ በሁለት እግሯ ቆማ ቁልቁል ወደ እናቷ እግር አየች።

«በዚህ አልነበር የምትመጪው?» አለች ወደ ሰሜኑ መንገድ እያመለከተች።

«ተሳሳትሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

በማግሥቱ ከእናናየሁ ጋር ወደ አንኮበር ተመለሱ። ይርጋለም እየሮጠች ትቀድምና፣ «እምዬ፣ ፈጠን በይ እንጂ!» ትላለች። ዘርፈሽዋል ግን ያቺ ሁለተኛዋ ቀን እንዳታልቅባት እርምጃዋን ቀነሰች።