አባቴን «ወንድሜ» ያልኩበት ዓመት

አባቴ ቁጡ ልብስ ሰፊ ነበር። ሶዶ ገበያ አጠገብ ካለችው ሱቁ ሲመጣ ገና ሳሉን ስንሰማ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። በጊፋታ፣ በእኛ በወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ እሱ መርቆ የመጀመሪያውን ሥጋ ሳያጎርሰን ማንም እጁን አይሰድም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በበዴሳ መንገድ አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ከሚሰበሰቡ ጸሎተኞች ጋር የገባው። መሪያቸው ልጁ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፤ አባቴ ግን «አባታችን» ይለዋል። በደንባቸው አባት እሱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ወላጁም ልጁም፣ ወንድምና እህት ነው። ጊፋታም ቀረ። አንድ ቀን «አባዬ» ብዬ ስጠራው ደንገጥ ብሎ ወደ በሩ አየ።

«ወንድሜ በዪኝ» አለኝ።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣው ያኔ ነው፤ ባሕር ዳር ደረሰኝ። በፊት ቢሆን ወይ «ሂጂ» ወይ «እግርሽን እሰብረዋለሁ» ይለኝ ነበር። አሁን ግን «አባታችንን ልጠይቅ» አለ። ከሁለት ቀን በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«አልፈቀዱም። ዓለም ትወስዳታለች ብለዋል።»

«አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

ጫማውን አውልቆ ወደ ጓዳ ገባ። በጣም ተናደድኩ። «እግርሽን እሰብረዋለሁ» ቢለኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጣላው አባት ይኖረኛል።

ሻንጣዬን በድብቅ አዘጋጀሁ። በመሄጃዬ ቀን ማለዳ በሩን ስከፍት፣ አባቴ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቀኛል። ሻንጣውን ከእጄ ተቀበለኝ። መናኸሪያ እስክንደርስ ጭኑ ላይ አድርጎ እንዳቀፈው ነበር። ሊሸኘኝ ይሁን ሊያስቀረኝ አላወቅሁም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ረዳቱን ጠራው።

«አደራ፣ እህቴ ናት» አለው።

ረዳቱ ሽበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ለመንገድ ከገዛልኝ ዳቦ ትልቅ ቁራሽ ቆርሶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በመስኮቱ በኩል አጎረሰኝ። ልክ እንደ ጊፋታ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጠራው ፈለግሁ። አፌ ሞልቷል፤ ደግሞስ ምን ብዬ ልጥራው?