ቁጥሩ የተላጠው ሞተር

ሚሺገን ውስጥ ባለችው በእኛ ትንሽ ከተማ፣ በሞተራቸው ኃይል ጉልቤ የሚሏቸውን የድሮ መኪኖች ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሚስቱ በፊት የሚያማክረው ሃርላን ዲትመርን ነበር። ሃርላን እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለዪ ነው፤ ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለመኪኖቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተጎልተው ቋሊማቸውን ሲገምጡ፣ እሱ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዞ ይዞራል። የቀለሙ ማማር ደንታም አይሰጠው። ሞተሩ ፊት ለፊት፣ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ አለች፤ ፋብሪካው እዚያች ላይ የመታው ቁጥር ከመኪናው አካል ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ሞተሩ አብሮት የተወለደ ነው ማለት ነው። ያኔ ሃርላን በጣቱ አንጓ ጣሪያውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ካልገጠመ ባትሪውን አጥፍቶ ይሄዳል፤ አለቀ። ያቺን ማንኳኳት ሲጠብቅ ስንቱ ጎልማሳ ላብ አጥምቆታል!

አንድ ቅዳሜ ፍሎይድ ታሊ የሚባል የወተት መኪና ሾፌር ቀይ መኪናውን አቀረበ። ያቺ ቦታ ባዶ ነበረች።

"ሞተሩ ሲታደስ ቶርኖ ቤት ፊቱን ሲልጡት ቁጥሩ አብሮ ሄደ እንጂ፣ እናቴ ትሙት፣ የራሱ ነው!" አለ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለው ሃርላን። "ብረቱ ካልተናገረ እኔ አልናገርለትም።"

ፍሎይድ እንባውን ዋጥ አድርጎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችን ዝር አላለም።

ታዲያ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የሃርላን ጋራዥ ውስጥ ቼቬል የሚባል አንድ ሰማያዊ ጉልቤ መኪና አለ። ታላቅ ወንድሙ ዴኒ አዲስ ገዝቶት፣ አንድ በጋ ብቻ ነድቶት፣ ወደ ቬትናም ሄደ። አልተመለሰም። እናታቸው በሐዘኗ የዴኒን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ መኪናውን ሃርላን በስንት ልመና አስቀረው። ኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር፣ የወንድሜ መኪና እንዲህ ሆኖ አይቀመጥም ብሎ ቶርኖ ቤት ወሰደው። "እንደ አዲስ አድርጉልኝ" አለ። አደረጉለት፤ ፊቱን ልጠው ልጠው መስታወት አስመሰሉት። ያኔ ቁጥር ማን ያያል? ተራ አሮጌ መኪና ነበራ! እዚህ አገር መኪናውን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያሳምረው ማስረጃውን ያጠፋዋል።

ሃርላን ይህን እያወቀ ነው ፍሎይድን በሰው ፊት ያዋረደው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የራሱ ነገር ስለሚያስፈራው ነው እንደዚያ የጨከነው።

አሁን ሰባውን አልፏል፤ ሕመም እጁን ያንቀጠቅጠዋል። መስታወቱንና ባትሪውን ራሱ ላስተማራት መካኒክ፣ ለማርሊስ፣ አስረክቧል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እኔ ስሞት የዴኒን ስም ማን ያነሳዋል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳው፣ የከተማው ሙዚየም ከጦርነት ላልተመለሱ ልጆች አንድ ጥግ ልናዘጋጅ ነው አለ። መኪናው ከነሞተሩ ዴኒ የገዛው ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከነስሙ እናቆመዋለን አሉት። አረጋጋጯ ማርሊስ ናት።

ቅዳሜ ቼቬሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣው።

"አንተ ሽማግሌ! ሙሽራዋን ዛሬ ገና ከጓዳ አወጣሃት?" እያሉ ሳቁበት። እሱም ሳቀ።

ማርሊስ ጎንበስ አለች፤ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሯል።

"ሚስተር ዲትመር... ባዶ ነው።"

"አውቃለሁ። አስልጬው ነው። ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቄ!"

"አምንዎታለሁ።"

"እንግዲያው አንኳኪያ!"

"የአካሉ ቁጥር ብቻውን ሞተሩ የራሱ መሆኑን አይነግረኝም። ለሌላው ከልክዬ ለእርስዎ ባንኳኳ፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ሃርላን ነኝ እኮ፣ ማርሊስ! መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ማርሊስ እንባዋ እየወረደ ባትሪውን አጠፋችው። ከሳቁት መሐል ቋሊማውን የሚያኝክ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሃርላን ኮፈኑን መዝጋት አቅቶት ሁለት ሰዎች ዘጉለት።

ቤቱ እንደገባ ለፍሎይድ ታሊ ደወለለት።

"ፍሎይድ፣ ሃርላን ነኝ። ያ ቀዩ መኪናህ... እውነተኛ ነበር።"

"ኧረ?" አለ ፍሎይድ። "እኔን መቼ ጠፋኝ? የጠፋውስ አንተን ነው።"

"ላየው እችላለሁ? አሁን ልምጣና..."

"ምኑን ታያለህ? ሐሰተኛ ነው ካልክ በኋላ ማን ዞር ብሎ ያየዋል! በሩን ለአንዱ፣ ሞተሩን ለሌላው እያልኩ በተንኩት። የአባቴ ነበር፣ ሃርላን።"

ሃርላን ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

ጋራዥ ገብቶ ቼቬሉ አጠገብ ቆመ። "ያንተ ነው፣ ዴኒ፤ ሌላው ቢቀር እኔ አውቃለሁ" አለ። ከዚያ እጁን አንስቶ ጣሪያውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ኳ። ኳ። እጁ ግን አልቆም አለው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ቀጠለ። በሌላው እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ ያም ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም እጆቹ ጣሪያውን እያንኳኩ፣ ሃርላን እስኪደክማቸው ቆሞ ጠበቀ።